አሮጌ ሞተር ብስክሌትና የሰው እጅ



«ካፌ ሬሰር» የሚለውን ስም ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ስሙን ባትሰሙም ነገሩን በመንገድ ወይም በሥዕል ሳታዩት አልቀራችሁም። መሪው ዝቅ ያለ፣ ኮርቻው ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃና ከኋላው ጉብ ያለ፣ ትርፍ ጌጥ የተራገፈለት፣ ነጂውም እንደ ጉግስ ፈረሰኛ ወደ ፊት ደፋ ብሎ የሚጋልበው ሞተር ብስክሌት ነው። የስሙ ትርጉም «የቡና ቤት ተሽቀዳዳሚ» ማለት ነው። ዛሬ ስለዚሁ ላጫውታችሁ የተነሣሁት፣ እኔ ራሴ በምኖርበት በሎንዶን ከተማ፣ ከቤቴ ጓሮ ባለች ጠባብ ዳስ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት እንዲህ ያለውን በእጄ ስለ ሠራሁና ሥራውም ከብረት አልፎ የዘር ነገር ስላነሣብኝ ነው። ዓመቶቹን «በእኛ አቆጣጠር» ካላልሁ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር እንደ ጻፍኋቸው አስቀድሜ ልናገር።

የስሙ አመጣጥ

በሰሜን ምዕራብ ሎንዶን፣ ኖርዝ ሰርኩላር በተባለው አውራ ጎዳና ዳር፣ በ1938 «ኤስ ካፌ» የተባለ የመንገደኞች ምግብ ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የጭነት መኪና ነጂዎች ነበሩ። በ1940 ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ፈረሰ፤ በ1949 እንደ ገና ተሠራ። ጦርነቱ አልቆ፣ በካርድ የሚታደለውም የምግብ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ የእንግሊዝ ወጣት በየፋብሪካው ሥራ አግኝቶ በኪሱ ጥቂት ገንዘብ መያዝ ጀመረ። መኪና ግን ከአቅሙ በላይ ነበረች። ሞተር ብስክሌት በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ይገኝ ነበርና ልቡ ወደዚያው አዘነበለ። ማታ ማታ በእነዚህ የመንገድ ቡና ቤቶች እየተሰበሰበ ሻዩን ይጠጣል፤ ሳንቲም ሲጨምሩበት ዘፈን በሚያሰማው ሣጥን ሙዚቃ ይሰማል፤ ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ ይሽቀዳደማል። አንዱ ሳንቲሙን ከጨመረ በኋላ ሌላው እስከ ተወሰነ ቦታ ጋልቦ ዘፈኑ ሳያልቅ ይመለስ ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። የሁሉም ምኞት በሰዓት 100 ማይል፣ ማለት 161 ኪሎ ሜትር መድረስ ነበረ፤ እርሱንም «ቶን» ይሉት ነበር።

ከፋብሪካ እንደ ወጣ ለዚህ የሚበቃ ሞተር ብስክሌት ጥቂት ነበረ፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ወጣቶቹ ራሳቸው ሠሩት። በ1950 የኖርተን ፋብሪካ ሬክስ ማካንድለስ የተባለ የቤልፋስት ሰው የነደፈውን አዲስ ፍሬም ለእሽቅድምድም አወጣ፤ ምቾቱ ስለ ተደነቀም «ፌዘርቤድ»፣ ማለት የላባ ፍራሽ ተባለ። በዚያው ዓመት ጄፍ ዱክ በዚህ ፍሬም ላይ ተቀምጦ በማን ደሴት የሚደረገውን ታላቁን ውድድር አሸነፈ። በሌላ ወገን በትንንሽ የእሽቅድምድም መኪና የሚወዳደሩ ሰዎች የኖርተንን ሞተር እጅግ ይፈልጉ ነበር፤ ሞተሩ ብቻውን ስለማይሸጥላቸውም ሞተር ብስክሌቱን በሙሉ ገዝተው ሞተሩን ያወጡና ፍሬሙን ይተዉት ነበር። አንዱ የተወውን ሌላው አነሣው። ወጣቶቹ በዚያ ባዶ ፍሬም ላይ የትራይምፍን ሞተር ገጠሙበትና ሁለቱን ስሞች አጋብተው «ትራይተን» አሉት። እንግዲህ የዚህ ዓይነት ሞተር ብስክሌት የመጀመሪያ አባቱ የፋብሪካ መሐንዲስ ሳይሆን በጓሮው የሚለፋ የወር ደመወዝተኛ መሆኑን ልብ በሉ።

ደስታው ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። በየመታጠፊያው ብዙ ወጣት ቀርቷል። በ1965 መጨረሻ መንግሥት ከ70 ማይል በላይ መንዳትን ከለከለ፤ በ1973 ሄልሜት ማድረግ ግዴታ ሆነ። ኤስ ካፌም በ1969 ተዘጋ። ነገር ግን ልማዱ ጨርሶ አልጠፋምና በ2001 በዚያው ቦታ ታድሶ ተከፍቷል።

እኔ የገዛሁት

የእኔ ሞተር ብስክሌት ከነዚያ ኀያላን ጋር የሚቆጠር አይደለም። በ1981 የተሠራ ሆንዳ ሲጂ 125 ነው። ሞተሩ የማይነሣ፣ ሳልባትዮው የዛገ፣ ኮርቻው የተቀደደ ስለ ነበረ በ400 ፓውንድ አገኘሁት።

ይህ ዓይነት በ1976 ሲወጣ የሆንዳ መሐንዲሶች ያሰቡለት ሰው የሎንዶን ተሽቀዳዳሚ አልነበረም። ዘይት በወቅቱ በማይለወጥበት፣ አቧራና ጭነት በሚበዛበት፣ መካኒክ በሩቅ በሚገኝበት አገር የሚኖረውን ሰው አስበው ነው የሠሩት። ስለዚህ ቫልቮቹ በሰንሰለት ኀይል እንዲከፈቱ ማድረጉን ትተው በበትር እየተገፉ እንዲከፈቱ አደረጉ፤ ቀላልና ታጋሽ ነውና። የኋላውን ጎማ የሚያዞረውን ካቴናም አቧራ እንዳይበላው ዙሪያውን በቆርቆሮ ሸፈኑት። የሲሊንደሩ ስፋት 56.5 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምልልስ 49.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተማሪዎች አስልታችሁ ብታዩት 124 ሲሲ ይመጣላችኋል። ጉልበቱ 11 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። የቻይና ፋብሪካዎች ይህንኑ ሞተር አስመስለው በብዛት ስለ ሠሩ፣ በአፍሪካና በእስያ ከሚሸጡት ባለ 125 ሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ የእርሱ ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር እናንተ ዘንድም ሊጠቅም ይችላል።

ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤቴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እንግሊዛዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ኤስ ካፌ ይመላለሱ ነበር። ዕቃውን ሳወርድ በአጥር ላይ ዘንበል ብለው አይተው፣ «ይህች መቶ ማይል የምትሮጠው ከገደል ስትወድቅ ብቻ ነው» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እርሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለዩኝም።

እናቴ ምን አለች?

ቅዳሜና እሑድ በዳሷ ውስጥ ስውል፣ አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ስትደውል በስልኩ መስታወት እጄን አየችው። እስከ ክርኔ ጥቁር ቅባት ነበረ።

«ምን ነክቶህ ነው ልጄ?» አለችኝ።

«ሞተር ብስክሌት እየሠራሁ ነው፣ እማዬ።»

«ሥራህን ለቀቅህ እንዴ?»

«ኧረ አለቀቅሁም፤ ለደስታዬ ነው።»

ዝም አለች። ከዚያ በኋላ፣ «አባትህ ነፍሱን ይማረውና ከብረት ያወጣችሁ እኮ በስንት መከራ ነው! ተምረህ፣ ባሕር ተሻግረህ፣ ዞረህ እዚያው ገባህ?» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፤ እንደዚህ የተናገረችበት ምክንያት አለ። የአባቴ አባት በገጠር ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ ይሠሩ ነበር። የአገሬው ገበሬ ያለ እርሳቸው ማረሻ አንድ ትልም አያወጣም፤ ነገር ግን ከእርሳቸው ጋር በአንድ መሶብ አይበላም፤ ልጁንም ለልጃቸው አይድርም። ሕፃን ሲታመም «ቡዳ በላው» ተብሎ ዓይን ሁሉ ወደ እርሳቸው ደጅ ይመለከት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዐዋጁ ግን ከተነገረበት አደባባይ እስከ አያቴ ጎጆ ለመድረስ መንገዱ ረዘመበት። አባቴ ፊደል ቆጥሮ ጸሐፊ ሆነና ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ የአባቱንም ሥራ ለማንም ሳያወራ ሞተ። እኛ ልጆቹም መዶሻ ስንነካ ይቆጣን ነበር። እኔ ያን ጊዜ እንዳንጎዳ የሚጠነቀቅልን ይመስለኝ ነበር።

ለእናቴ ያን ቀን ምንም አልመለስሁላትም። በሚመጣው ቅዳሜ ግን ሥራዬን ቀጠልሁ፤ እርስዋም መደወልዋን አላቆመችም።

ሥራው እንዴት እንደ ሄደ

ሥራው ስምንት ወር ያህል ፈጀ። ሁሉን ብዘረዝር መጽሔቱ አይበቃኝምና ዋና ዋናውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከመፍታት በፊት ማየት። የፍሬሙና የሞተሩ ቍጥር ከወረቀቱ ጋር መስማማቱን አይቼ፣ ሞተሩም በእውነት የሞተ መሆን አለመሆኑን መረመርሁ። ፒስቶኑ በነፃ ይመላለሳል፤ ካንዴላውም እሳት ይሰጣል። የታመመው ካርቡራቶሩ ነበር፤ የቆመ ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ቀዳዳዎቹን ዘግቷቸዋል። ፈትቼ በማጽጃ ካጠብሁትና በንፋስ ከነፋሁት በኋላ ሞተሩ በሦስተኛው ርግጫ ተነሣ። ሞተሩ ሳይነሣ ቀለም የሚቀባ ሰው ሬሳ ይኳኩላል።

ሁለተኛ፣ የፈቱትን ማወቅ። እያንዳንዱን ቡሎንና ዳዶ በትንሽ ከረጢት አድርጌ ከየት እንደ ወጣ ጻፍሁበት፤ ከመፍታቴም በፊት ፎቶግራፍ አነሣሁ። በመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሠራችሁ ይህን ጥበብ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ፤ ፋይል ሲወጣ ቦታው ላይ ምልክት ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ መቍረጥ ወይስ አለመቍረጥ። በዚህ ሥራ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ሰው ሞተር ብስክሌት ገዝቶ በማግሥቱ የፍሬሙን ጭራ በመጋዝ ይቆርጣል፤ ከዚያም አዲስ ቧንቧ ይበይድበታል። ብየዳው በዐዋቂ እጅ ካልሆነ ሰው የሚቀመጥበት ብረት መንገድ ላይ ይከዳል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ፍሬሙን የለወጠ ሰው ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ይገባዋል፤ ማናቸውንም ለውጥ ለኢንሹራንሱ ያልነገረም አደጋ በደረሰ ቀን ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እኔ ፍሬሙን አልቆረጥሁም። አዲሱን ኮርቻ በቀድሞዎቹ የቡሎን ቀዳዳዎች ላይ እንዲቀመጥ አድርጌ ከቀጭን ቆርቆሮና ከፋይበር ግላስ ሠራሁት፤ ቆዳውንም ራሴ ሰፋሁት። የወጣው ዕቃ ሁሉ በሣጥን ተቀምጧል። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ወደ ጥንቱ ሊመልሰው ቢፈልግ በአንድ ቀን ይመልሰዋል።

አራተኛ፣ ሳልባትዮው። የውስጡን ዝገት በሆምጣጤ ሞልቼ ጥቂት ቀን አሳድሬ አወጣሁት፤ ከዚያም በሶዳ ውሃ አጥቤ ወዲያው አደረቅሁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ የቤንዚን ዕቃ ባዶ ነው ብላችሁ እሳት እንዳታስጠጉበት፣ እንዳትበይዱትም። የሚፈነዳው ቤንዚኑ ሳይሆን ትነቱ ነው፤ ትነቱም ቤንዚኑ ካለቀ በኋላ ይቆያል።

አምስተኛ፣ አቀማመጥ። የካፌ ሬሰር መልክ የሚወሰነው እጅ፣ መቀመጫና እግር በሚያርፉባቸው ሦስት ነጥቦች ነው። መሪውን ብቻ ዝቅ አድርጎ የእግር መርገጫውን በቦታው የተወ ሰው፣ የገላው ክብደት በሙሉ በእጁ አንጓ ላይ ይወድቅበትና ከአምስት ኪሎ ሜትር በኋላ ዘመናዊነቱን ይረግማል። መሪው ወደ ታች ሲወርድ መርገጫው ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ከዚያ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሮ ማየት ነው፤ እጅ ከሳልባትዮው ጋር እንዳይጨፈለቅ፣ ሽቦዎቹም እንዳይወጠሩ። የነዳጅ መስጫው ሽቦ ከተወጠረ ስትታጠፉ ሞተሩ በራሱ ይጮኻል፤ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ኮርቻው ሲያጥርም እንዲሁ የኋላውን ሞላ አውጥቶ ጎማውን እስከ ላይ አንሥቶ ከምንም ጋር አለመጋጨቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፣ ትንፋሽ። ለመልክ ሲባል የአየር ማጣሪያውን ሣጥን አውጥተው ትንሽ ማጣሪያ የሚሰኩ አሉ። ያን ጊዜ አየሩ ይበዛል፤ ቤንዚኑ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ይህን የፈለገ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ቀዳዳ ሰፋ ባለ መለወጥ አለበት። እኔ የቀድሞውን ሣጥን ተውሁት። ሞተሩ ደኅና መተንፈሱን የሚነግራችሁ ካንዴላው ነው። ነድታችሁ ስትፈቱት ጫፉ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ እንደ ጥላሸት ከጠቆረ በዝቶበታል፤ የገብስ ቆሎ ቀለም ከያዘ ልክ ነው።

ይህን የካንዴላ ነገር አንድ ቀን ለእናቴ በስልክ አጫወትኋት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጥቂት ቆይታ፣ «አያትህም በቀለም ነበር የሚያውቁት» አለችኝ። «ብረቱ በእሳት ውስጥ ሳለ ዝም ብለው ያዩታል። ቀይ ሲሆን አይነኩትም። እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን ነው በጉጠት የሚያወጡት። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ወናፉን አናፋላቸው ነበር፤ አባትህ ለማንም እንዳልናገር ስለ ለመነኝ ነው እንጂ።» ከዚያ ወዲህ በደወለች ቍጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ጤናዬ፣ ቀጥሎም ስለ ሞተሩ ሆነ።

የጎረቤቴ ጥያቄ

ቀለሙ ደርቆ፣ መብራቱ ተሰክቶ፣ ማርሚታው ተወልውሎ ሥራው ያለቀ ዕለት ሽማግሌውን ጎረቤቴን ጠራኋቸው። ሞተሩን አስነሡልኝ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ በአንድ እግራቸው በርከክ ብለው፣ «መጀመሪያ ፍሬኑን አሳየኝ» አሉ።

ይህ ሞተር ብስክሌት በፊትም በኋላም ያለው ፍሬን የድሮው ከበሮ ፍሬን ነው። በከበሮው ውስጥ ያሉት ሸራዎች ሲያልቁ ወይም ቅባት ሲነካቸው አይዙም። በአሮጌ ዕቃ ላይ ያሉት አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችልም ትቢያቸውን በአፍ ወይም በንፋስ መንፋት ለሳንባ አደገኛ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። እኔ አዲስ ሸራ አግብቼ፣ አዲስ ሽቦ ዘርግቼ ነበር። ሽማግሌው ግን መያዣውን ጨብጠው ከከበሮው ውጭ ያለውን ክንድ ተመለከቱ፤ «ፍሬኑ በሚይዝበት ጊዜ ሽቦውና ይህ ክንድ እንደ ማዕዘን ዘጠና ዲግሪ ሲሠሩ ነው ጉልበት የሚኖረው» ብለው አስረዱኝ። ጎማውንም አዩ። በጎማው ጎን አራት አሐዝ ያለው ምልክት አለ፤ ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ እንኳ በዕድሜ ብዛት ይደነድናልና በዝናብ አይቆነጥጥም። የእኔ አዲስ ነበረ።

ከዚያም ቀና ብለው የነገሩኝ ይህ ነው፤ በ1962 አንድ ጓደኛቸው ሞተሩን አራት ወር ሙሉ ሲያፈጥን ከርሞ፣ ፍሬኑን ለመጪው ደመወዝ አቆየው። ደመወዙ ሳይደርስ ሞተ። ሃያ ዓመቱ ነበረ። «ሁላችንም ስንት ትሮጣለች እንል ነበር፤ እንዴት ትቆማለች ያለ አልነበረም» አሉኝ። ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላም የጓደኛቸውን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ተለወጠ።

ስለዚህ፣ ወዳጆቼ፣ ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ቢሆን ለፍሬኑ አውሉት። ቀለም ይቆያል፤ ኮርቻም ይቆያል።

የቀረው ነገር

ሒሳቡን ብትጠይቁኝ፣ ከመግዣው ጋር ጠቅላላ ወጪዬ ከ1,000 ፓውንድ ትንሽ ከፍ አለ፤ ከዚህ ውስጥ ትልቁ ለጎማና ለፍሬን የወጣው ነው። ሞተር ብስክሌቱ በደኅና ቀን በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ መቶ ማይል የሚለውን ግን ለገደሉ ትቼዋለሁ። በእርሱ ወደ መሥሪያ ቤቴ እመላለሳለሁ። የሥራ ጓደኞቼ የት እንደ ገዛሁት ይጠይቁኛል። «የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ራሴ ሠራሁት» እላቸዋለሁ። እነርሱ ይህን እንደ ተራ ነገር ይሰሙታል፤ ለእኔ ግን በአፌ ማለቱ ከስምንቱ ወር ሥራ ይበልጥ ከብዶኝ ነበር።

በልጅነቴ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ሳልፍ ከወደቀ በርሜል ምድጃ፣ ከአሮጌ ጎማ ጫማ የሚያወጡ ሰዎች አይ ነበር። ያን ጊዜ የማያቸው እንደ ምስኪን ነበር፤ አሁን ግን ለሥራቸው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም እሰጠዋለሁ፤ መሐንዲስነት ነው።

እናንተም ሞተር ብስክሌት ባይኖራችሁ በየቤታችሁ የቆመ አንድ ነገር አይጠፋም፤ የማይናገር ራዲዮ፣ ካቴናው የወለቀ ብስክሌት፣ የእትዬ እከሊት የልብስ ስፌት መኪና። በሚመጣው እሑድ አንዱን አውርዱና ፍቱት፤ ዳዶውን በከረጢት አድርጋችሁ ስም ጻፉበት። በሠፈራችሁ ያለውን በያጅ ሄዳችሁ «ጋሼ፣ ይህ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እጃችሁ ቢጠቁር በሳሙና ይለቃል። አያታችሁ ምን ይሠሩ እንደ ነበርም ነገሩን የሚያስታውስ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁ።